ክቡ ለእሱ፣ ቀዳዳው ለእኔ

ከገዳሙ ዋና ሕንፃ ጀርባ፣ ከልብስ ማጠቢያው ጋር በአንድ ግድግዳ የምትዋሰን ጠባብ ክፍል አለች። በሯ ዝቅ ያለ ስለሆነ ረዘም ያለ ሰው ጎንበስ ሳይል አይገባባትም። ውስጧ ቆርቆሮ የለበሰ ጠረጴዛ፣ ሁለት የሚገጣጠሙ ክብ ብረቶች ያሉት የኤሌክትሪክ መጋገሪያ፣ በእጅ የሚጫን መቁረጫና መደገፊያው የተሰበረ ወንበር አለ። በአካባቢው ያሉ የካቶሊክ አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ ለቅዳሴ የሚጠቀሙበት ኅብስት ለሠላሳ ስምንት ዓመት ከዚህች ክፍል ሲወጣ ኖሯል። የምትጋግረው እህት በመሐላዋ ቀን የተሰጣት የቅድስት ስም ነበራት፤ ግን በእሱ የሚጠራት የለም። ቅንድቧም ሽፋሽፍቷም ሁልጊዜ ነጭ ስለሆነ እህት ዱቄት ነበር የሚሏት። ስሙን ያወጣላት ወንድሟ ነው።

ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው። የስንዴ ዱቄትና ውሃ፣ ሌላ ምንም የለበትም። ጨው የለ፣ እርሾ የለ፣ ዘይት የለ። ቀጠን ያለውን ሊጥ በማንኪያ ለክታ በጋለው ብረት ላይ ታፈሳለች፣ የላይኛውን ብረት ትከድንና እጀታውን ትጫናለች። እንፋሎቱ በዙሪያው እያፏጨ ይወጣል። ሰዓት አታይም፤ አንድ «አባታችን ሆይ» ሳይቸኩሉ ተደግሞ ሲያልቅ ኅብስቱም ይደርሳል። መስቀል የታተመበት፣ እንደ ወረቀት የሳሳ ሰፊ ቂጣ ከብረቱ ይላቀቃል። ያን ጊዜውኑ ቢቆርጡት ይሰባበራል፤ ስለዚህ እርጥብ ጨርቅ ለብሶ ያድርና በማግስቱ ለስለስ ሲል ክብ ክብ ተደርጎ ይቆረጣል። ክቦቹ ታሽገው ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ። የሚቀረው ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነው ትራፊ ነው። ገና ያልተባረከ በመሆኑ ማንም ቢበላው ነውር የለውም፤ እህቶቹ ከሻይ ጋር ይቆረጥሙታል። ግማሹ ግን በወረቀት ከረጢት ሆኖ ለወንድሟ ይላክ ነበር።

ወንድሟ መካኒክ ነው። በአሥር ዓመት ይበልጣታል። አባትና እናታቸው በአንድ ዓመት ውስጥ ተከታትለው ሲሞቱ እሷ ሰባት፣ እሱ አሥራ ሰባት ዓመታቸው ነበር። ከጋራዡ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል አሳደጋት። ፀጉሯን ሊጎነጉንላት ሲታገል የሞተር ዘይት ግንባሯ ላይ ይቀርና ትምህርት ቤት ልጆች «ግሪሷ መጣች» ይሏት ነበር። እሷ ትድረስልኝ እያለ ሚስት ማግባቱን ሲያቆየው ቆይቶ በዚያው ቀረ። ጋሼ ነበር የምትለው፤ አባቴ ለማለት ያህል።

ሃያ ዓመት ሲሞላት እግዚአብሔር እንደጠራትና ገዳም መግባት እንደምትፈልግ ነገረችው። አልጮኸም፣ አልተቆጣም። ሻንጣዋን ራሱ አሰረላት፤ እስከ ገዳሙ በር ድረስም ራሱ ተሸከመላት። እዚያ ሲደርስ ሻንጣውን መሬት አስቀምጦ እጁን በቱታው ጠረገና፣ በሩን እንጂ እሷን ሳያይ፣

«እሱ የሌለው ነገር የለም። እኔ ያለኝ አንድ ነበር። ቢያንስ አይጠይቀኝም?» አለ።

ከልጅነቱ ጀምሮ እሑድ አስታጉሎ የማያውቅ ሰው፣ ከዚያ ቀን በኋላ እግሩ የቤተ ክርስቲያን ደጃፍ አልረገጠም።

እሷን ግን አልተዋትም። የገዳሙ መኪና በተበላሸ ቁጥር ይመጣል፣ ከሥሩ ገብቶ ሲቀጠቅጥ ይውላል፣ ሻይ ይጠጣል፣ ጸሎት ቤቱ በር ሲደርስ በሌላ በኩል ዞሮ ይሄዳል። የኅብስቱን መጋገሪያም እሱ ነበር የሚጠግነው። ሽቦውን ሦስት ጊዜ ቀይሮታል፤ እጀታው ሲሰበርም ከአሮጌ መኪና የማርሽ ዘንግ ቆርጦ በየደላት። ሲጨርስ ከረጢቱን ትሰጠዋለች። አንዱን ቁራጭ ያወጣና በቀዳዳው አጮልቆ ያያታል።

«አየሽ ዱቄቴ» ይላታል፣ «ያንቺ ጌታ ድርሻ ያውቃል። ክቡ ለእሱ፣ ቀዳዳው ለእኔ።»

ትስቃለች። እሱ ሲሄድ ደግሞ ብረቱ ላይ ጎንበስ ብላ ታለቅሳለች።

ገና መሐላ ያልፈጸሙ ልጆች ከሦስቱ መሐላዎች የትኛው እንደሚከብድ ሲጠይቋት ታፍራለች። ድህነቱ አልከበዳትም፤ ድሮም ሀብት አታውቅም። ያለ ትዳር መኖሩንም ለምዳዋለች። መታዘዙም ቢሆን ለጸጥተኛ ሰው ዕረፍት ነው። የከበዳት ሌላ ነገር ነው። እግዚአብሔርን «እሺ» ያለችው እሷ ስትሆን ሸክሙ የወደቀው ጋራዥ ውስጥ ባለ ሰው ጫንቃ ላይ መሆኑ ነው። ለጌታዋ ራሷን ስትሰጥ አንድ ሰው ከጌታዋ ጋር እንደተኳረፈ ታውቃለች። ስለዚህ ብረቱን በከደነች ቁጥር፣ «አባታችን ሆይ» ሲያልቅ፣ አንዲት ቃል ትጨምር ነበር፦ «ይህን ይብላልኝ።» በቀን ሰማንያም መቶም ጊዜ ትለዋለች። በገዳሙ በሦስተኛ ዓመቷ መጋገሪያውን ከተረከበች ጀምሮ፣ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ፣ ሌላ ነገር አልለመነችም ማለት ይቻላል።

መጋገሪያዋና ማጠቢያው በመካከላቸው አንድ በርና አንድ መደርደሪያ ይጋራሉ። መደርደሪያው ላይ ሁለት ትልልቅ የብስኩት ቆርቆሮዎች አሉ፤ በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ባቡር ተስሏል። በአንደኛው የእሷ ዱቄት ይቀመጣል። በሌላው ያለው እህት ካውያ የሚሏት ልብስ አጣቢዋ የመሠዊያ ጨርቆችን የምታጠነክርበት የበቆሎ ስታርች ነው። ሁለቱ የሚለዩት ክዳናቸው ላይ በተለጠፈች ወረቀት ብቻ ነበር። ወረቀቷ ቆርቆሮው ሆድ ላይ መለጠፍ እንዳለባት በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ለአንዳቸውም ትዝ አላለም።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት እህት ዱቄት ሁለቱን ክዳኖች አጥባ እያደረቀች ሳለ በረኛዋ እህት ከኋላዋ መጣች። ወንድሟ ሥራ ላይ ወድቆ ሐኪም ቤት ገብቷል፤ ሳንባው ነው፤ ሐኪሞቹም ብዙ ተስፋ አልሰጡም። እህት ዱቄት ክዳኖቹን ቆርቆሮዎቹ ላይ ጣል ጣል አደረገችና ሽርጧን እንኳ ሳትፈታ ወጣች።

በማግስቱ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። «ዱቄት» የሚለውን ክዳን ስታነሳ ቆርቆሮው ግማሽ ድረስ ነበር። ከጆንያው አዲስ ዱቄት ጨመረችበትና በረጅሙ ማንኪያ አዋሐደችው። ዓይኗን ሞራ ከጋረደው ወዲህ የምታምነው ጣቶቿን ነው። ቆንጠር አድርጋ ስታሸው ጣቶቿ መሐል ጭር ጭር አለ። ዱቄት እንዲያ አይልም። ወፍጮ ቤቱ ስንዴውን ለውጦ ይሆናል ብላ አለፈችው። ሐሳቧ ከወንድሟ አልጋ አጠገብ ነበር።

የዚያ ሰሞን ኅብስት ጉድ የሚያሰኝ ሆኖ ወጣ። እንደ ወተት ነጣ፣ ጠርዙ አልሻከረም፣ ሲቆርሱት ቀጭ ይላል። የቁምስናው፣ ማለትም የአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን፣ ካህን በር ላይ አግኝተዋት፣ ከክህነታቸው ጀምሮ እንዲህ ያለ ኅብስት ይዘው እንደማያውቁ ነገሯት። እንደ ልጅ ደስ አላት። በጭንቄ ጊዜ እግዚአብሔር እጄን አገዘኝ አለች።

ወንድሟን ሐኪሞቹ ወደ ቤቱ ሰደዱት። የገዳሙ አለቃ በሳምንት ሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ እንድትጠይቀው ፈቀዱላት። ከጋራዡ ጀርባ ያለችው ክፍል አልተለወጠችም፤ የእሷ የልጅነት አልጋ ብቻ የመፍቻ መደርደሪያ ሆኗል። ምግብ እንቢ ብሎት ነበር። ከከረጢቱ ያለውን ቁራጭ ሻይ ውስጥ ስታርስለት ግን ይቀምሳል። ስለ ቤተ ክርስቲያን አንድም ቃል አላነሳችበትም። ሠላሳ ስምንት ዓመት ለብረት የነገረችውን ለእሱ መናገር ፈራች።

እሱ ነው ያነሳው። አንድ ከሰዓት ትራሱን ስታስተካክልለት፣ ዓይኑን ጣሪያው ላይ እንደተከለ፣

«ያ ቄስሽ ሥራ ይበዛበታል?» አላት።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

ካህኑ በሦስተኛው ቀን መጡ። ሲናዘዝ እሷ ውጭ፣ ጎማ ከተከመረበት ጥግ ቆማ ጠበቀች። ረጅም ጊዜ ወሰደ። አንድ ጊዜ የወንድሟን ሳቅ ሰማች፤ ካህኑም ሳቁ። በኋላ ሲጠሯት ገባች። ካህኑ ታምናለህ ወይ ብለው ሲጠይቁት፣ «እሷ ታምናለች፣ እኔ እሷን አምናታለሁ» ብሎ ነበር የመለሰላቸው። ቆይቶ ግን ዝቅ ባለ ድምፅ «አምናለሁ» አለ። የሕሙማኑን ቅዱስ ዘይት፣ ቀንዲሉን፣ ቀቡት። ከዚያ ከትንሿ የወርቅ ዕቃ ውስጥ ኅብስቱን አውጥተው ከፍ አደረጉት። ወንድሟ አተኩሮ አየውና ወደ እሷ ዞረ።

«አንቺ የጋገርሽው ነው?»

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ።»

«ቀዳዳ የለውማ» አለ። ከንፈሩ ፈገግ አለ። «ዛሬስ ክቡ ለእኔም ደረሰኝ።»

አፉን ከፈተ።

በሁለተኛው ቀን ሞተ። አርባ አንድ ዓመት ያልገባበትን ቤተ ክርስቲያን በሰው ትከሻ ገባው። እህት ዱቄት አለቀሰች፤ ግን ልቅሶዋ ውስጥ ምስጋና ነበረበት። ክፍሉን ስታጸዳ የመጨረሻዋን ከረጢት ከአልጋው በላይ ሚስማር ላይ ተሰቅላ አገኘቻትና ይዛት መጣች። ሁለት ሳምንት ሙሉ፣ ብረቱን ስትከድን የምትለምነው አጥታ፣ «ተመስገን» ብቻ ትል ነበር። ይህንን ያህል ቀለል ብሏት አያውቅም።

በሦስተኛው ሳምንት መጀመሪያ እህት ካውያ የመሠዊያውን ጨርቆች ልታጠነክር ቆርቆሮዋን ከመደርደሪያው አወረደች። ይህን ሥራ አዘውትራ አትሠራውም፤ ከወር ከምናምን አንዴ ነው። ጥቂት ቆይታ በመሐል በሩ ብቅ አለች።

«ዛሬ የምትጋግሪው እኔ ቤት ነው እንዴ?» አለች እየሳቀች። «ጨርቄ ዳቦ ዳቦ ሸተተኝ እኮ።»

እህት ዱቄት ልታይ ሄደች። ነጩ ጨርቅ ቡናማ ሆኗል፣ ካውያው ላይ ተጣብቋል። ድስቱ ውስጥ ያለው እንደ ገንፎ ተጓጉሏል። ወደ መደርደሪያው ሄዳ «ስታርች» የሚለውን ክዳን አነሳችና እጇን አስገባች። ልስልስ አለ፤ ዱቄት ነው። ሌላውን ከፈተች፣ ቆንጠር አድርጋ አሸችው። ጭር ጭር አለ። ጣቶቿ ያን ቀንም ነግረዋት ነበር።

ወደ ክፍሏ ተመልሳ የተሰበረው ወንበር ላይ ተቀመጠች። አምስት ሳምንት ሙሉ ግማሹ ስንዴ፣ ግማሹ በቆሎ ነበር። ከስንዴ ሌላ ነገር እንዲህ ከተቀላቀለበት ኅብስቱ ለቅዳሴ እንደማይሆን፣ ካህኑ ቃሉን ቢናገሩበትም ያው ዳቦ ሆኖ እንደሚቀር፣ ከገዳም ከገባች ጀምሮ የተማረችው ነው። ሥራውን ለሚለማመዱ ልጆች ሁሉ ስታስተምር የኖረችውም እሱኑ ነው። መጀመሪያ የታያት ያ ሁሉ ቤተ ክርስቲያን፣ ያ ሁሉ ቅዳሴ አልነበረም። የታያት አንድ የተከፈተ አፍ ነው።

እህት ካውያ ነገሩ ሲገባት ሳቋ ጠፋ። አጠገቧ ተንበርክካ ጉልበቷን ያዘች። ከሁለታችን በቀር ማንም አያውቅም አለቻት። ቆርቆሮውን እንድፋው፣ እንጠበው፣ ከነገ ጀምሮ በደህናው ዱቄት ጋግሪ፤ እግዚአብሔር ልብ ያያል። ይህን ያለችው ከክፋት አልነበረም፣ አንጀቷ አልችል ብሎ ነው።

እህት ዱቄት እስከ ማታው ጸሎት ደወል ድረስ እዚያው ተቀመጠች። ዝም ብትል የወንድሟ ቁርባን በሰው ሁሉ አፍ ሙሉ እንደሆነ ይኖራል። ካህኑ ጋሼን ባነሱ ቁጥር ዓይናቸው ይበራል። እሷም አንድ ቀን ልትረሳው ትችል ይሆናል። ብትናገር ግን በገዛ አፏ ከወንድሟ አፍ ነጥቃ ታወጣዋለች። ሆኖም እነዚያ ለሙታናቸው ቅዳሴ ያስቀደሱ፣ በአልጋ ላይ ሆነው የተቀበሉ ሰዎች እንደ እሷ ወንድምና እናት ነበሯቸው። ደወሉ ሲያባራ ተነስታ ወደ አለቃዋ ክፍል ሄደች።

አለቃዋ አልገሠጿትም። ደብዳቤ ለየቤተ ክርስቲያኑ ተላከ፤ የቀረው ኅብስት ተሰብስቦ እንዲቃጠል፣ በእነዚያ ቀናት የተቀደሰው ሁሉ እንደገና እንዲቀደስ ታዘዘ። በማግስቱ ጠዋት የቁምስናው ካህን ወደ እንግዳ መቀበያው መጡ። ከእሷ በዕድሜ ያንሳሉ። ፊት ለፊቷ ተቀመጡና፣ ወንድሟ ፈልጎ፣ ተናዝዞ፣ ቀንዲል ተቀብቶ እንደሞተ፣ ኑዛዜውም ቀንዲሉም የጸና እንደሆነ፣ ምኞት ደግሞ በእግዚአብሔር ፊት ትልቅ ነገር እንደሆነ ቀስ እያሉ ነገሯት።

«እግዚአብሔር በእርስዎ ቆርቆሮ አይታሰርም» አሏት።

ይህን ታውቀዋለች። ቢጠይቋት እሷም ለሌላ ሰው የምትለው ይህንኑ ነበር።

«እሱስ እሺ፣ አባ» አለች። «ግን ያን ዕለት አፉ ውስጥ የገባው ምንድን ነው?»

ካህኑ ወለሉን አዩ።

«ዳቦ ነው፣ እህቴ» አሉ። «የእርስዎ ዳቦ።»

«ከረጢቱ ውስጥ ካለው ጋር አንድ ነው ማለት ነው?»

«አንድ ነው።»

«ቀዳዳ ብቻ የሌለው።»

ካህኑ መነጽራቸውን አውልቀው በቀሚሳቸው ጫፍ ይጠርጉ ጀመር።

ወንድሟ ስሙ ተጠርቶ እንደገና ተቀደሰለት። እሷም ቀርባ ተቀበለች። አዲሱ ኅብስት ምላሷ ላይ ሲሟሟ፣ ይህ ለጋሼ የሚገባ ነበር፣ እሱ ያልቀመሰውን እኔ ቀመስኩለት አለች። ከዚያ ሌላ ነገር መጣባት። ያ ሰው አርባ አንድ ዓመት ከጌታ ጋር ተኳርፎ ኖረ፤ ኩርፊያው ደግሞ በእሷ ምክንያት ነው። በመጨረሻ ተሸንፎ አፉን ከፈተ። እዚያ የጠበቀችው እንደገና እሷው ራሷ ነበረች፣ የእጇ ሥራ ብቻ። ጌታዋ ይህን ለምን እንደፈቀደ ጠየቀችው። ወደ ጌታዋ ሊቀርብ የመጣን ሰው ከደጅ የመለሰች ያህል ተሰማት። ካህኑ ያሉትን ታምናለች፤ ማመኗ ግን እንባዋን አላቆመላትም።

ከዚያ በኋላ አለቃዋ፣ ዓይኗን ሰበብ አድርገው፣ ከመጋገሪያው አነሷት። ቅጣት አይደለም ብለዋታል፤ እሷም ቅጣት ነው አላለችም። መታዘዝ ስለሆነ ቁልፉን አስረከበች። በእሷ ቦታ ከሌላ ገዳም አንዲት ጎልማሳ እህት መጣች። እህት ዱቄት ሁሉንም አሳየቻት፦ የሊጡን ቅጥነት፣ የብረቱን ግለት፣ ከማርሽ ዘንግ የተበየደውን እጀታ ቀስ ብላ እንድትጫነው። «ዱቄት» የሚለውንም ወረቀት በሁለት እጇ ተጭና ቆርቆሮው ሆድ ላይ ለጠፈችው።

አሁን ከእህት ካውያ ጋር በማጠቢያው ክፍል ትሠራለች። የያዘችው ሥራ ካህኑ ሲቀድሱ ከኅብስቱ ሥር የሚነጠፈውን ትንሽ ነጭ ጨርቅ ማጠብ፣ ማጠንከር፣ መተኮስና ማጠፍ ነው። በቁመት ሦስት፣ በወርድ ሦስት ተደርጎ ዘጠኝ ቦታ ይታጠፋል። ወደ ውስጥ የሚታጠፈው ከኅብስቱ ፍርፋሪ አንዲት እንኳ ቢወድቅ መሬት እንዳትደርስ ነው።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ይህንኑ እየተኮሰች ሳለ አዲሷ ጋጋሪ በመሐል በሩ መጣች። በእጇ የወረቀት ከረጢት ይዛለች። እሷ ከመምጣቷ በፊት የሆነውን አታውቅም፤ ማንም አልነገራትም።

«የእህቶቹን ድርሻ አውጥቻለሁ» አለች። «ይሄኛው ግማሽ ለአንድ ሰው ይላካል ብለውኛል። ለማን ነበር የሚላከው?»

እህት ካውያ ካውያዋን እንደያዘች ቀና አለች። እህት ዱቄት ከረጢቱን ተቀበለች። ገና እርጥበቱ አልለቀቀውም።

«እዚህ ተይው» አለች። «እኔ አደርስለታለሁ።»

ከበሩ ጎን ሚስማር አለ፤ ያቺ ከጋራዡ ያመጣቻት የወንድሟ ከረጢት የተሰቀለችበት። አዲሱን አጠገቧ ሰቀለችው። ከዚያ ወደ ጠረጴዛዋ ተመለሰች፣ ጨርቁን ዘረጋችና ከላይ ጀምራ ታጥፍ ገባች። ሦስተኛው እጥፋት ላይ ስትደርስ አፏ ሳታዘው ተንቀሳቀሰ፣ እንደ ለመደው። «ይህን ይብላልኝ» አለች።